እህል ያልቀመሱት እንግዳ

ስለ አፌ አስቀድሜ ልናገርና እወቁት፤ በኋላ «ምነው ሳትነግረን» እንዳትሉኝ። እኔ የላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። አስጎብኚ የሚኖረው በአፉ ነው። ገበሬ ዝናብ ሲጠፋ ሞፈሩን ሰቅሎ ይቀመጣል፤ አስጎብኚ እንግዳ ሲጠፋ አፉን የት ይሰቅለዋል? እኔማ ሰው በጠፋባቸው በእነዚህ ዓመታት ለባጃጅ ሾፌሮች ስለ ዓምድና ስለ መስኮት ማስረዳት ጀምሬ ነበር። አንዱ እንዲያውም ጥቂት ታግሦኝ ሲያበቃ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነው የተጠመቅሁት» ብሎኝ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

እንዲህ ባለው የአፍ ረሃብ ላይ ሳለሁ ነው አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ የደወለልኝ። ወሩ ጥር ነው፤ ጥምቀት አልፏል። «የአንግሊካን ቄስ ቅዳሜ ጠዋት በአውሮፕላን ይመጣሉ። ገነተ ማርያም መሄድ ይፈልጋሉ። ተቀበላቸው፤ ደግ ሰው ናቸው» አለኝ። ስማቸውን ሳይነግረኝ መስመሩ ተቋረጠ፤ እኔም መልሼ አልደወልኩም። ለምን እደውላለሁ? አንግሊካን ማለት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አይደለች? የእንግሊዝ ቄስ ምን እንደሚመስል ደግሞ ለእኔ ነጋሪ አያሻኝም። ነጭ ፀጉር፣ ቀይ አፍንጫ፣ ትልቅ ጫማ፣ በየደረጃው ቆም እያለ «አቤት አቤት» የሚል። ሰውዬው ገና ሳይመጡ እኔ ሥዬ ጨርሻቸዋለሁ።

ይህን በሆዴ ይዤ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን በማግሥቱ ገነተ ማርያም ድረስ ሄጄ፣ ሰውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስቤ፣ «ቅዳሜ ትልቅ የፈረንጅ ቄስ ይዤላችሁ እመጣለሁ፤ ተዘጋጁ» አልኩ። ማን ላከኝ? ማንም። የደብሩ መሪጌታ፣ ሲጠራጠሩ አንድ ዐይናቸውን የመጨፈን ልማድ አላቸው፤ «ፈረንጅም ቄስ አለው እንዴ?» ብለው አንዱን ጨፈኑት። ሌላው ሰው ለመጠራጠር ጊዜ አልነበረውም። አንዱ የውኃ ቧንቧ አሰበ፣ አንዱ የጤና ጣቢያ ጣሪያ አሰበ፣ አንዲት ባልቴት የዐይን መድኃኒት ይዘው ይመጡ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ምን ይጠፋል» አልኳቸው።

ነገሩን ከልባቸው የያዙት ግን አያ አበጀ ናቸው። አያ አበጀ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ተዳፋት ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እታገኝ የምትባል አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እሳቸው ታመው መጠለያ ጣቢያ ሲተኙ፣ እሷን በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ጫኗት። እሷ «ወንድሜ ሞቷል» አለች፤ እሳቸው «እህቴ አልቃለች» አሉ፤ ሁለቱም በየፊናቸው አልቅሰው ተቀመጡ። አምና ግን ጋሸና ላይ ሻይ ቤት ያገኙት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጋምቤላ ውስጥ አንዲት የላስታ ሴት እንደሚያውቅ፣ ስሟ እታገኝ እንደሆነ፣ አበጀ የሚባል ወንድሟን እያነሣች እንደምትተክዝ ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ አበጀ አንድ በግ ምሰሶ ላይ አስረው ማድለብ ያዙ። እታገኝ ስትመጣ የሚታረድ ነው። መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በጉ ሲያልፉ ሲያገድሙ «የእታገኝ በግ» ነበር የሚባለው።

«ለፈረንጁ አርደዋለሁ» አሉኝ ያን ቀን። «ፈረንጅ መንገድ ያውቃል፣ ሰው ያውቃል። እህቴን የሚያመጣልኝ ከሆነ ለእሷ ሌላ አደልባለሁ።»

«ያመጣልዎታል እንጂ አያ አበጀ» አልኩ። «ለፈረንጅ ቄስ ጋምቤላ ምን ያህል መንገድ ነው ብለው!»

ቅዳሜ ጠዋት አንገቴን በከረባት አንቄ አውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ቆምኩ። ከወረዱት ሰዎች መካከል አንድ ነጭ ሰው ነበር። ጫማው ትልቅ፣ አፍንጫው ቀይ። ምን እጠብቃለሁ? ሻንጣውን ከእጁ ነጠቅሁና «እንኳን ወደ ቅድስት ከተማችን በደህና መጡ አባታችን» የሚለውን በእንግሊዝኛ አወረድኩለት። ሰውዬው የሆቴል ጄነሬተር ሊጠግን የመጣ መካኒክ ነው። ቄስ እንዳልሆነ፣ ለመሆንም አስቦ እንደማያውቅ ነገረኝ። ትሕትና መሰለኝ። የተላከለት መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን እስኪዘጋብኝ ድረስ ስለ ገነተ ማርያም እየተረክሁለት ተከተልኩት።

ስመለስ ደጁ ባዶ ሆኗል። አንድ ሰው ብቻ ጥላው ሥር ቆመዋል፤ በጣም ረጅም፣ በጣም ጥቁር፣ ጥቁር ሸሚዝ ከነጭ ኮሌታ ጋር የለበሱ፣ ትንሽ ቦርሳ በትከሻቸው ያንጠለጠሉ። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያዩ እንደነበር ከፊታቸው ገባኝ።

«ደግ ሰነበትህ ወንድሜ?» አሉኝ። «የምትጠብቀው ቄስ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ኡጁሉ እባላለሁ፤ ከጋምቤላ ነው የመጣሁ። ጨዋታህን ማቋረጥ ከብዶኝ ነው።»

አፈርኩ። እንግዳ አለማወቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ያገሬ ቄስ ቆመው እያዩኝ፣ ቄስ ነጭ ነው ብዬ መካኒክ «አባታችን» ስል መገኘቴ ነው ያሳፈረኝ። ከሁሉ በላይ ግን ያስደነገጠኝ አማርኛቸው ነው። በትምህርት ቤት የተማሩት፣ ከሬዲዮ የቀሰሙት አማርኛ አይደለም። የእኛው ነው፤ የላስታ፣ ያውም የገጠሩ። ዐይኔን ብጨፍን የገነተ ማርያም ሰው የሚያናግረኝ ይመስለኝ ነበር።

በተኮናተርኩት ሚኒባስ ፊት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን እንደምንም አጣጥፈው ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው ሆንኩ። የገባሁበትን እፍረት ለመሸፈን «አንግሊካን ጋምቤላ እንዴት ደረሰ አባቴ?» አልኳቸው።

«ከሱዳን ድንበር ወዲያ ነው የመጣልን» አሉ። «ስደተኛው ከበሮውንና የጸሎት መጽሐፉን ተሸክሞ ተሻገረ። እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ማለት የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው። እንዳንተ አገር ድንጋይ የለንም። ደጁ ላይ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። አማርኛ ያስተማረችኝ ከዚያ ዛፍ ሥር የምትቆም ሴት ናት።»

«የምትቆም?»

«የናንተ አገር ሴት ናት። በሰፈራ የመጣች። ባሏም ልጇም በወባ የሞቱባት። በአቅራቢያችን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። እኔ ገና ወጣት ሰባኪ ሳለሁ እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ ከማንጎው ሥር ትቆማለች፤ ጸሎታችን እስኪያልቅ ከዚያ አትነቃነቅም። ሲያልቅ ግድግዳችንን ተሳልማ ትሄዳለች። ‹ግቢ እንጂ እናቴ› እላታለሁ። ‹አይ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ይበቃኛል› ትለኛለች። ምእመናኑ ተቀይማን ይሆን ብለው ሽማግሌ ሁሉ ልከውባታል።» ፈገግ አሉ። «ስንቱን አስተምሬ ሳስገባ፣ እሷን ከዚያ ዛፍ ሥር አንድ እርምጃ አላንቀሳቀስኋትም። ስብከቴን ግን ከሁሉም በላይ የምታዳምጠው እሷ ነበረች። አማርኛው ሲሳሳትብኝም ወጥቼ ሳልጨርስ ታርመኛለች።»

«አሁንም ትቆማለች?»

«በኅዳር ዐረፈች» አሉ። «ወንድሟ በሕይወት እንዳለ አንድ ሾፌር ነግሯት፣ ልትመጣ ጓዟን እያሰናዳች ሳለ ታመመች። ‹ለአበጀ አንተው ሄደህ ንገርልኝ፤ ከማንም አይስማ› አለችኝ። ስሟ እታገኝ ነው።»

ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋው። እኔ በጉ ትዝ አለኝና ከረባቴን ፈታሁ።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቁታላችሁ። ጎሕ ሲቀድ፣ ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ባለ ሐዘኑ እህል ሳይቀምስ ነው። ነጋሪውም ሳይቀምስ ነው የሚሄደው። የሟች ወንድም ቤት ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ «እህትዎ ሞታለች» የሚል ሰው ላስታ ውስጥ አልተወለደም። እኛ ደግሞ የተጠራነው ለምሳ ነው።

ወደ መሪጌታ ደወልኩ። ስልካቸውን ዘግተዋል። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው። መመለስ እንችል ነበር፤ ታመዋል፣ መኪና ተበላሽቷል ማለት እንችል ነበር። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የእኔ ጭንቅላት ሁልጊዜ የሚያመጣልኝ መጀመሪያ የመጣውን ነው።

«ለእኔ ይተዉት አባቴ» አልኩ። «ዛሬ እንደ እንግዳ ሰላም ብለን እንቀመጣለን። በጎን ለመሪጌታ ሹክ እላለሁ። ነገ ማለዳ በወጉ ይነገራቸዋል። እስከዚያ ብቻ ከጋምቤላ መጣሁ እንዳይሉ፤ ያሉ እንደሆነ እህቴስ ብለው ይይዙዎታል።»

«ቄስ ነኝ ወንድሜ፤ መዋሸት አልችልም።»

«አይዋሹ፣ ዝም ብቻ ይበሉ። ውሸቱን እኔ እችለዋለሁ።»

ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ደጅ ወጥቷል። ከአያ አበጀ ቤት በኩል የወጥ ሽታ ይመጣል። ምሰሶው ላይ ገመዱ ብቻ ቀርቷል።

ወረድን። ሰው ሁሉ ከኋላችን ሌላ ሰው የሚወርድ መስሎት ጠበቀ። ሾፌሩ ወረደ፤ ሾፌሩንማ ያውቁታል።

«ፈረንጁስ?» አሉኝ መሪጌታ።

«ይኸው፣ ቄሱ እሳቸው ናቸው።»

መሪጌታ አንድ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ቀጥለው ሁለተኛውንም ጨፈኑት። ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

የዐይን መድኃኒት የጠየቁኝ ባልቴት፣ ቄስ ከተባለ ቄስ ነው ብለው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። ቄስ ኡጁሉ የእጅ መስቀል የላቸውም፤ በእነሱ ዘንድ ቄስ መስቀል በእጁ ይዞ አይዞርም። «መስቀላቸው ከሻንጣቸው ጋር ወደ ኋላ ቀርቷል» አልኩ ፈጠን ብዬ። ቄስ ኡጁሉ ገላመጡኝ። ከዚያ ረጅም እጃቸውን በባልቴቷ ራስ ላይ አሳርፈው በቀስታ ጸለዩላቸው። ባልቴቷ ቀና ብለው «እጃቸው ከበድ ይላል፤ ደግ ነው» አሉና ለሌሎቹ ቦታ ለቀቁ።

መሪጌታን ለብቻቸው ላገኝ ብል ቄሱን የሚለቁ አልሆኑም፤ ምርመራ ጀምረዋል።

«ታቦት አላችሁ?»

«የለንም አባቴ» አሉ ቄስ ኡጁሉ።

«ማኅሌትስ?»

«እንዘምራለን።»

«በምን?»

«በከበሮ።»

«ከበሮ አላችሁ?»

«ትልልቅ።»

«ከበሮ ካለ እንግዲህ...» አሉ መሪጌታ፤ ቀሪውን ዋጡት። «ለመሆኑ ከየት አገር ነው የመጡ?»

ቄስ ኡጁሉ መሬት መሬት አዩ። «ከሩቅ ነው፤ ደክሟቸዋል» ብዬ ወደ አያ አበጀ ቤት አስገባኋቸው።

ገበታው ቀረበ። አያ አበጀ ራሳቸው ቆመው እጅ አስታጠቡ። ከዚያ ቁጭ አሉና መልካም መልካሙን ሥጋ ወደ ቄስ ኡጁሉ ገፋ አደረጉ።

«እንግዳዬ፣ ይብሉልኝ» አሉ። «ይህ በግ ለእህቴ የደለበ ነው። ቤት ውስጥ፣ አጠገቤ ነው ያደገ። እሷ የራቀ አገር ናት። አንቱ እንድትመጣ መላ ይሉኛል ብዬ ነው ያረድሁት፤ ይብሉልኝ።»

ቄስ ኡጁሉ እጃቸውን ወደ ገበታው ዘርግተው ነበር። አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው መለሱትና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሰው ቤት ገብቶ፣ እጅ ታጥቦ አልበላም ማለት ከስድብ ምን ይለያል?

«ይጾማሉ» አልኩ።

«ምን ጾም?» አሉ መሪጌታ። «ነነዌ አልገባ፣ ሁዳዴ አልገባ፣ ቀኑ ቅዳሜ።»

«የአንግሊካን ጾም ነው።»

«ስንት ቀን ይጾሙታል?»

«እንደ ዓመቱ ይለያያል።»

ይህ መልስ ምን እንደሚያመጣ ብገምት ምላሴን በቆረጥኩት ነበር። መሪጌታ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከእኛ በላይ የሚጾም ክርስቲያን በምድር ላይ የለም ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። እኛ የምንበላበትን ቀን የሚጾም ቄስ ፊታቸው ተቀምጦ እሳቸው ሥጋ ሊጎርሱ ነው። ጉርሻውን አዩት። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት። እሳቸው ሲያስቀምጡ ከጎናቸው ያሉት ሁለቱ ሽማግሌዎችም አፈሩና አስቀመጡ። ሽማግሌ ሳይበላ ማን ይበላል? ከገበታ ወደ ገበታ፣ እስከ በሩ ድረስ፣ ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ያ ሁሉ ሥጋ እንደ ቀረበ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እህል ሳይነካ ተቀመጠ።

አያ አበጀ ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር ብለው አዩ። «አንተ እንኳ ብላልኝ እንጂ ልጄ፤ አንተ የኛው አይደለህ» አሉና ጉርሻ ጠቅልለው በገዛ እጃቸው አፌ ውስጥ ጨመሩት።

አኘክሁ፤ አልወርድ አለኝ። ዐይኔ እንባ አቀረረ። በርበሬው ነው ልል ነበር፤ አፌ ግን በእታገኝ በግ ተሞልቷል። ስንቱን ያስወራኝ አፍ ያኔ አንድ ቃል አላወጣ አለ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ አቀረቀርኩ።

አያ አበጀ እኔን አዩኝ። ከዚያ ቄስ ኡጁሉን አዩ። ከዚያ የማይበላውን ሕዝብ አዩ። እጃቸውን በቀስታ ጠረጉ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አዘቅዝቀው ለበሱት።

«ይህ ጾም አይደለም» አሉ። «ከሩቅ የመጣ ሰው እህል አልቀምስም ካለ ምን ይዞ እንደመጣ አውቃለሁ። እኔም መርዶ ይዤ ሰው ቤት ሄጄ፣ ቅመስ ስባል እንዲህ ነው የተቀመጥሁት። ይንገሩኝ እንግዳዬ፤ እታገኝ ናት?»

ቄስ ኡጁሉ ተነሡ። ጣሪያው ስለማይበቃቸው አንገታቸውን ሰብረው ቆሙ።

«አዎ አያ አበጀ፣ እታገኝ ናት» አሉ። «ከማንም አይስማ፣ አንተው ንገርልኝ ብላኝ ነው የመጣሁ።»

«አነጋገርዎ የእሷ ነው» አሉ አያ አበጀ፤ ከዚያ ጮኹ።

የሆነውን ሁሉ አልነግራችሁም። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ ነጭ የለበሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቀዘቀ። እኔ ወጉን አፈርሳለሁ ብዬ የፈራሁት መርዶ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ሁሉ ተቀምጦ፣ ማንም እህል ሳይቀምስ ተነገረ። የቀመስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን እኔ አቀድኩት ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ፤ እኔማ ማቀድ ያለብኝን ሁሉ አበላሽቼ ነበር።

ልቅሶው ሲበርድ መሪጌታ ጠየቁ። «የት ተቀበረች?»

«ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር።»

«ማን ቀበራት?»

«እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የፈለገውንና የፈራውን ያወጡት አያ አበጀ ናቸው።

«ማተቧስ?» አሉ።

በሽማግሌው ፊት ላይ ያን ያህል ፍርሃት አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን በሰው አገር፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ኖራለች። ማተቧን ፈትታ እንደሆነ እህታቸውን ዳግመኛ ሊያጧት ነው፤ ይህኛውን ማጣት ደግሞ ምንም ተስፋ አይመልሰውም።

«ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም» አሉ ቄስ ኡጁሉ። «ክሩ ሲያልቅ ሌላ ትፈትል ነበር። ሲያጥቧት ሴቶቻችን ሊፈቱት ፈለጉ፤ እኔ ከለከልሁ። ከነማተቧ ነው የቀበርኋት። ፊቷንም ወደ ምሥራቅ አድርጌያለሁ፤ አደራ ብላኝ ነበር።»

መሪጌታ ሁለቱንም ዐይናቸውን ገልጠው አዩዋቸው። «እግዜር ይስጥልን» አሉ። «አደራ ጠባቂ ነዎት። ፍትሐቱን ነገ እኛ እናደርስላታለን።»

አያ አበጀ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ገበታውን አዩ። «ለመምጫዋ ያልሁት ለመሄጃዋ ሆነ» አሉ። ወደ ቄስ ኡጁሉ ዞሩ። «ይቅመሱ እንግዲህ፤ ነግረውኛል።» ቄስ ኡጁሉ ያኔ ተቀምጠው በሉ። እየበሉ እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ያንን ማንም በበርበሬ አላሳበበም። ቀኑን ሙሉ አያ አበጀ ስለ እህታቸው ሲጠይቁ፣ እሳቸውም ስለ ዛፉ፣ ስለ ነጠላዋ፣ ስብከት ስለ ማረሟ ሲነግሯቸው ዋሉ።

በማግሥቱ እሑድ ማለዳ ለፍትሐቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቄስ ኡጁሉ ከግቢው ዳር ካለች ወይራ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ቆላ የለመዱ ሰው ናቸው፤ ይንቀጠቀጡ ነበር። መሪጌታ ይህን አይተው ተመለሱ።

«አብረን እንዳንቀድስ ሥርዓት ይይዘናል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ከበሩ ገባ ብለው ከጥጉ ቢቆሙ የሚናገርዎ የለም። ብርድ ነው፤ ይግቡ።»

«አይ አባቴ» አሉ ቄስ ኡጁሉ። «እኔ እዚሁ ይበቃኛል።»

አያ አበጀ ይህን ሰምተው ቀና አሉ፤ ከዚያ ገቡ።

እኔም ደጅ ቀረሁ። ከአጠገቤ ከአለት የተፈለፈለው ያ ሁሉ ዓምድ ቆሟል፤ የሚነገርለት ስንት ነገር አለው። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። የእታገኝ ስም ከውስጥ በተጠራ ቁጥር ቄስ ኡጁሉ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ።

ሲያልቅ ወደ ግድግዳው ቀርበው አለቱን ተሳለሙና ወደ ወይራዋ ተመለሱ። አያ አበጀ ከሰው ሁሉ ቀድመው ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

«እንዲህ ነበር የምትቆመው?» አሏቸው።

«እንዲህ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ።»

አያ አበጀ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው እንግዳቸውን ሊያከናንቧቸው እጃቸውን ዘረጉ። አልደረሱም። ቄስ ኡጁሉ ጎንበስ አሉላቸው።